የቤት ስልክ ከሽቦ ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር

ሰው ብቻውን መኖር የማይችል ፍጡር ስለ ሆነ፣ ሐሳቡን በሩቅ ላለው ወገኑ ለማድረስ በየዘመኑ ልዩ ልዩ ብልሃት ሲፈልግ ኖሯል። በተራራ ላይ እሳት አንድዶ ምልክት ሰጥቷል፤ ነጋሪት ጐስሟል፤ ደብዳቤ በተሰነጠቀ በትር ራስ ላይ ሰክቶ መልእክተኛ አሩጧል። ከነዚህ ሁሉ በኋላ የመጣው ስልክ ግን የሰውን ድምፅ ከነሳቁና ከነሲቃው ሳይለውጥ የሚያደርስ በመሆኑ ከቀደሙት ሁሉ በልጦ ተገኘ። ዛሬ ደግሞ ይህ ስልክ ራሱ መንገዱን በመለወጥ ላይ ይገኛል። ከመቶ ዓመት በላይ በመዳብ ሽቦ ሲመላለስ የኖረው ድምፅ በኢንተርኔት መሥመር እንዲሄድ እየተደረገ ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የቴክኒክ ሠራተኞች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ዳሩ ግን በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በከላላ ወይም በመካነ ሰላም፣ ምጥ ለያዛት ሴት በሌሊት አምቡላንስ ለሚጠራ ሰው፣ ወይም በዐረብ አገር የምትሠራ ልጁን ድምፅ ለሚጠባበቅ ሽማግሌ፣ ስልኩ የሚሄድበት መንገድ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ስልክ በዓለም የታወቀው በ1868 ዓ.ም. አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በአሜሪካ የፈጠራ መብቱን ባስመዘገበ ጊዜ ነው። ኢትዮጵያም ይህን ጥበብ ለመቀበል ብዙ አልዘገየችም። በ1882 ዓ.ም. ገደማ፣ በኋላ ራስ የተባሉት ደጃዝማች መኰንን ከኢጣልያ መልእክት ሲመለሱ የስልክ መሣሪያ ይዘው መጡ፤ መሣሪያውም በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥትና በግምጃ ቤቱ መካከል ተተከለ። አካል ሳይታይ ድምፅ ብቻ ሲሰማ ጊዜ፣ ይህ የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ብለው የተቃወሙ ካህናት እንደ ነበሩ ይነገራል። ንጉሡ ግን ጥቅሙን መርምረው ስላዩ ሐሳባቸውን አልለወጡም። በ1887 ዓ.ም. ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የሽቦ መሥመር ሥራ ተጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአጭሩ የሚነገር ነው። በየካቲት ወር 1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለስልክ ሥራ ማስፋፊያ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለኢትዮጵያ አበደረ። በ1945 ዓ.ም. ሥራው ለአንድ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተሰጠ። በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት ገባ፤ በ1991 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ ስልክ በአዲስ አበባ ተጀመረ። በኅዳር ወር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛው አገልግሎት ሰጪ ሆኖ ሥራውን ጀመረ። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቁጥር ከ78 ሚሊዮን በላይ ሲደርስ፣ ከነዚህ ውስጥ መደበኛ ስልክ ያላቸው ከአንድ ሚሊዮን በታች ነበሩ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ትምህርት ይገኛል። በምኒልክ ዘመን ስልክን የተቃወሙት ሰዎች የተሳሳቱት መሣሪያውን ሳይመረምሩ ስለ ናቁት ነው እንጂ፣ ጥያቄያቸው ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ይህ ድምፅ ከየት መጣ፣ ማን ተሸክሞ አመጣው፣ በምንስ ኀይል ይሄዳል ብሎ መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ጠባይ ነው። አዲሱ የኢንተርኔት ስልክም በዚሁ ጥያቄ ሊመረመር ይገባዋል።

የሽቦው ስልክ አሠራር ቀላል ነው። ከስልክ ጣቢያው እስከ ቤቱ ድረስ ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ይዘረጋሉ። ጣቢያው በባትሪ የተጠራቀመውን 48 ቮልት ያህል ኀይል በነዚሁ ሽቦዎች ይልካል። በዚህ ምክንያት የቤቱ መብራት ቢጠፋም በጣቢያው ያለው ባትሪ ወይም ጄኔሬተር እስካልደከመ ድረስ ስልኩ ይሠራል። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩም መንገዱ እስኪጨርሱ ድረስ ለነሱ ተለይቶ ስለሚያዝ፣ ድምፁ በሌላ ሰው ሥራ ብዛት አይቆራረጥም። ደግሞም ስልኩ ከቦታው ጋር የታሰረ ነው። በ033 የሚጀምር ቁጥር ያየ ሰው ጥሪው ከወሎ በኩል እንደ መጣ ያውቃል፤ ጣቢያውም ሽቦው የገባበትን ቤት ለይቶ ያውቃል።

ይሁን እንጂ ሽቦው የራሱ ጉድለት አለው። መዳብ ዋጋው ውድ ስለ ሆነ ሌባ ይቈርጠዋል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ወደ መገጣጠሚያው ሰርጎ ድምፁን ያሻክረዋል፤ በደጋው አገር መብረቅ ሲወድቅ ኀይሉ በሽቦው ተከትሎ ቤት ድረስ ሊመጣ ይችላል። ከዚህም ሁሉ በላይ የአሮጌዎቹ ጣቢያዎች መለዋወጫ ዕቃ በዓለም ላይ መሠራቱ እየቀረ ሄዷል። ስለዚህ ሽቦውን ለዘለዓለም እናቆየው ማለት የማይሆን ነገር ነው።

የኢንተርኔቱ ስልክ በሌላ አኳኋን ይሠራል። መሣሪያው የተናጋሪውን ድምፅ በሴኮንድ 8,000 ጊዜ እየለካ ልኩን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ቁጥሮቹን እንደ ነዶ እያሰረ፣ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ 50 ያህል እሽግ አድርጎ ይልካቸዋል። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ አንድ ጸሐፊ የብራና መጽሐፍ ቅጠሎችን ለያይቶ በየቅጠሉ ቁጥር ከጻፈ በኋላ በልዩ ልዩ መልእክተኞች እጅ ወደ ሩቅ ደብር ቢልክ፣ ተቀባዩ በቁጥራቸው አሰካክቶ ያነባቸዋል። ከቅጠሎቹ አንዱ በመንገድ ቢጠፋ ወይም ቢዘገይ ግን ንባቡ ይጐድላል። የኢንተርኔት ስልክ ድምፅ አንዳንድ ጊዜ የሚቆራረጠውና የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፁ ከተናጋሪ ወደ ሰሚ ለመድረስ ከሴኮንድ 150 ሺሕኛ ባይበልጥ ንግግሩ የተስማማ እንደሚሆን ይመክራል። መሥመሩ በሳተላይት የሚሄድ እንደ ሆነ ግን፣ ሳተላይቱ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሲቆም፣ ድምፁ ወጥቶ ለመመለስ ብቻ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ሰዎች ሳይተዋወቁ አንዱ በአንዱ ንግግር ላይ ይገቡበታል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች እንዳይደባለቁ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ፈቃድ ያለው ድርጅት በፋይበር ወይም በሌላ የኢንተርኔት መሥመር ወደ ቤት የሚያስገባው፣ የታወቀ ቁጥር ያለውና ለማንኛውም ስልክ የሚደውል አገልግሎት ነው። ሁለተኛው፣ ሕዝቡ በእጅ ስልኩ የሚጠቀምበት እንደ ኢሞ፣ እንደ ዋትስአፕና እንደ ቴሌግራም ያለው መነጋገሪያ ነው። ይኸኛው በውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር ለመነጋገር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ብዙ የወሎ ልጆች በሚሠሩበት በሳዑዲ ዐረቢያም በኢንተርኔት የመደወል ክልከላ በፈረንጆች መስከረም 2017 ከተነሣ ወዲህ ናፍቆትን አቅልሏል። ነገር ግን የሚያገናኘው ያንኑ መነጋገሪያ በስልካቸው የጫኑትን ብቻ ስለ ሆነ፣ ለአምቡላንስና ለፖሊስ አይደውልም። ስለዚህ የቤት ስልክን ይተካል ተብሎ ሊታመንበት አይገባም።

የሕጉም ነገር ሊታወቅ የሚገባው ነው። በአዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትም ሆነ መጠቀም ተከልክሎ ነበር። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀልን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 761/2004ም አገልግሎቱን የሚሰጠውን ከ3 እስከ 8 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት፣ የሚገለገልበትንም ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት በሚደርስ እሥራትና በገንዘብ እንደሚያስቀጣ ደነገገ። በዚያን ጊዜ ስካይፕን የመሰለውን መነጋገሪያ ለግል ጉዳይ የሚጠቀም ሰው አይያዝም ተብሎ ከመንግሥት በኩል መግለጫ ተሰጥቶ ነበር። በኋላም አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወጥቶ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለ ተቋቋመ፣ ሥራው በፈቃድና በተቆጣጣሪ የሚመራ ሆነ። ይሁን እንጂ ፈቃድ ሳይኖረው የውጭ አገር ጥሪ በኢንተርኔት እያሳለፈ የሚሸጥ ሰው ዛሬም ይጠየቃል። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤቱ ወይም ለቤቱ የኢንተርኔት ስልክ የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ ሻጩ ፈቃድ ያለው መሆኑን መመርመር አለበት። በርካሽ ዋጋ ተታልሎ ከመንገደኛ ነጋዴ ዕቃ መግዛት በኋላ ጸጸት ያመጣል።

በሌሎች አገሮች ይህ መዛወር ከተጀመረ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። በጀርመን ትልቁ የስልክ ድርጅት ደንበኞቹን ወደ ኢንተርኔት መሥመር የማዛወሩን ሥራ በፈረንጆች 2020 አካባቢ ፈጽሟል። በጃፓንም አሮጌዎቹ ጣቢያዎች ከጥር 2024 እስከ ጥር 2025 ባለው ጊዜ ውስጥ በኢንተርኔት አሠራር ተተክተዋል። በዚያ አገር ግን በየቤቱ የነበረው ሽቦ ሳይነቀል ከጣቢያው በስተኋላ ያለው ብቻ ስለ ተለወጠ፣ ባለቤቶቹ በቤታቸው የለወጡት ዕቃ አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው የእንግሊዝ አገር ነገር ነው። በዚያ አገር በኅዳር 2021 እና በየካቲት 2022 ታላላቅ ዐውሎ ነፋሶች ተነሥተው በብዙ ቤቶች መብራት ጠፋ። አዲሱን ስልክ ያስገቡ ሰዎች መብራቱ ሲጠፋ ስልካቸውም አብሮ ዝም አለባቸው። በዚህ ምክንያት ትልቁ የአገሩ የስልክ ድርጅት በመጋቢት 2022 ማዛወሩን ለጊዜው አቆመ። ከዚህም ሌላ፣ በሽተኞችና ሽማግሌዎች በአንገታቸው አንጠልጥለው አደጋ ሲደርስባቸው የሚጫኑት፣ በቤት ስልክ በኩል የድረሱልኝ ጥሪ የሚያስተላልፍ መሣሪያ አለ፤ ተጠቃሚዎቹም 1.8 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ይህ መሣሪያ ከተዛወሩ በኋላ ያልሠራላቸው ሰዎች በመገኘታቸው፣ በታኅሣሥ 2023 ድርጅቶቹ ደካሞችን ያለ ጥንቃቄ እንዳያዛውሩ ቃል እንዲገቡ ተደረገ። የሽቦው ስልክ የሚዘጋበትም ቀን ከታኅሣሥ 2025 ወደ ጥር 2027 ተላለፈ። የአገሩም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ መብራት በሚጠፋበት ጊዜ በቤት ስልክ ብቻ ለሚተዳደር ሰው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የአደጋ ጥሪ የሚያስችል መፍትሔ እንዲሰጠው አዝዟል። ሀብትና ጥበብ የሞላበት አገር እንኳ እንዲህ ተሰናክሎ ወደ ጥንቃቄ ከተመለሰ፣ ሌላው ከመነሻው ቢጠነቀቅ የሚያስነቅፈው አይሆንም።

የምዕራብ ደቡብ ወሎ አገር አቀማመጥ ከዚህ ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። ከላላ፣ ወግዲ፣ ቦረናና ሳይንት ከፍተኛ ደጋዎች ሲሆኑ፣ ወደ ዓባይ የሚወርዱት ጃማ፣ ወለቃና በሽሎ በጥልቅ ሸለቆ ይከፋፍሏቸዋል። ከደሴ የሚነሣው የመኪና መንገድ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም ይደርሳል፤ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ያለው ገጠር ግን ብዙው በእግርና በበቅሎ የሚደረስበት ነው። እንዲህ ባለው አገር ሽቦ በየገደሉ መዘርጋት ከባድ ስለ ነበረ፣ መደበኛ ስልክ ከከተማና ከመሥሪያ ቤት ብዙም ሳይርቅ ቀረ። ለገጠሩ ሰው ስልክ የደረሰው በአየር ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት በተዘረጋው ወረዳ ኔትም የወረዳ መሥሪያ ቤቶች በሳተላይትና በፋይበር እንዲገናኙ ስለ ተደረገ፣ የኢንተርኔት ድምፅ ለወረዳ ሹማምንት ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። ከላይ ሆነው የሚሰበስቧቸው አለቆች ፊት በመስኮቱ ላይ ደርቆ ሲቀር ወይም ድምፁ ሲንተባተብ ያላዩ ጥቂቶች ናቸው።

በዚህ አገር አዲሱ ስልክ የሚፈተነው በሦስት ነገሮች ነው።

1ኛ፤ በመብራት። የኢንተርኔት ስልክ ኀይሉን ከቤቱ ይወስዳል እንጂ ከጣቢያው አይቀበልም። ሞደሙ ወይም የፋይበሩ መጨረሻ መሣሪያ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ፋይበር መስታወት ስለ ሆነ እንደ መዳብ ኀይል ሊያስተላልፍ አይችልም፤ በአንጻሩ መብረቅ አይከተለውም፤ መዳብ ፈልጎ የሚቈርጠውም ሌባ ምንም አያገኝበትም። ስለዚህ ጥቅሙም ጉድለቱም ከአንድ ባሕርይ የሚመጣ ነው። መፍትሔውም ባትሪ ነው። ለአንድ ሞደም የሚበቃ ትንሽ ባትሪ፣ ወይም ዛሬ በየገጠሩ ለመብራት የሚያገለግለው የፀሐይ ኀይል መሣሪያ፣ ሌሊቱን ሊያሳድረው ይችላል። ይህን ሳያዘጋጁ ሽቦውን መንቀል ግን ጣራው ሳይከደን አሮጌውን ቤት እንደ ማፍረስ ያለ ነው።

2ኛ፤ በመሥመሩ ብቸኝነት። አንድ መሥመር ብቻ ባለበት አገር፣ ያ መሥመር ከተቈረጠ ድምፁም፣ ደብዳቤውም፣ የገንዘብ ዝውውሩም በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። ቀድሞ ስልኩ በአንድ መንገድ፣ ኢንተርኔቱ በሌላ ስለሚሄዱ አንዱ ቢሰበር ሌላው ይቀር ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና አካባቢዋን በደረሰባቸው ጊዜ የስልክ ግንኙነት ተቋርጦ ወገን ከወገኑ ሳይሰማማ ከርሟል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ በኢሞና በቴሌግራም ብቻ ይነጋገሩ የነበሩ ቤተ ሰቦች መነጋገሪያ አጡ፤ ተራ የስልክ ጥሪ በሚሠራበት ስፍራ ያሉት ግን ቢያንስ የወገናቸውን ደህንነት ለመጠየቅ ችለዋል። ከዚህ የሚታየው፣ የሰው ድምፅ ሁሉ በኢንተርኔት ላይ ብቻ ከተጫነ፣ በማናቸውም ምክንያት ኢንተርኔት በቆመ ጊዜ ሁሉም ነገር አብሮ እንደሚቆም ነው። ስለዚህ ከቤት ስልኩ ሌላ በተለየ መንገድ የሚሠራ አንድ ተራ የእጅ ስልክ በቤቱ ሊኖር ይገባል።

3ኛ፤ በቁጥሩና በአድራሻው። ለብዙ ዓመት የታወቀ ቁጥር እንደ ሰው ስም ነው። በጤና ጣቢያው መዝገብ፣ በፍርድ ቤቱ መጥሪያ፣ በውጭ አገር ባለችው ልጅ ደብተር ላይ የተጻፈው ያው ቁጥር ነው። ስለዚህ የሚዛወር ሰው ቁጥሩ ሳይለወጥ እንዲከተለው አስቀድሞ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ደግሞም የኢንተርኔት ስልክ መሣሪያ ከቤት ወደ ቤት ሊወሰድ ስለሚችል፣ ቁጥሩ የከላላ ሆኖ ሳለ መሣሪያው በደሴ ሊገኝ ይችላል። በአደጋ ጊዜ የሚደውል ሰው ቁጥሬን አይተው ያለሁበትን ያውቃሉ ብሎ ሳይተማመን፣ ቀበሌውንና ጎጡን አስቀድሞ መናገር ይገባዋል።

ይህ ሁሉ የተነገረው አዲሱ ስልክ አይረባም ለማለት አይደለም። ፋይበሩ በደህና በገባበት ቦታ ድምፁ ከሽቦው ይልቅ ጥርት ያለ ነው፤ በአንዱ መሥመር ስልክም፣ ኢንተርኔትም፣ ትምህርትም ይገባል። በመካነ ሰላም ግቢ ያለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጻሕፍት የሚያነብበት መሥመር፣ የከተማውን ነጋዴ ድምፅም ሊሸከም ይችላል። የሚያስፈልገው አዛዡም ተገልጋዩም የየድርሻቸውን ማወቃቸው ነው።

የመሥሪያ ቤት ሹም ከመዛወሩ በፊት የትኞቹ መሣሪያዎች በስልክ ሽቦው ላይ እንደ ተቀጠሉ ሊያስቈጥር ይገባዋል። ፋክስና የአደጋ ደወል በኢንተርኔት መሥመር ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚስቱ፣ በደንብ ሳይፈተኑ አሮጌው መሥመር አይዘጋ። ቢያንስ አንድ ወር ሁለቱም ጐን ለጐን ቢሠሩ ወጪው ከጥቅሙ አይበልጥም። ለጤና ጣቢያና ለፖሊስ ጣቢያ ባትሪው ከሌላው ቀድሞ ሊገዛ ይገባል፤ ባትሪውንም የሚመለከት አንድ ሠራተኛ በስሙ መመደብ አለበት፤ የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም አይሆንምና።

የደብር አለቃም ሆነ የመስጊድ ኢማም በዚህ ነገር ትልቅ ድርሻ አላቸው። ሕዝቡ ሐኪም ከማነጋገሩ አስቀድሞ እነሱን ያነጋግራል፤ የሞተ ሲኖር የሚረዳው፣ የጠፋ ሲኖር የሚፈለገው በነሱ በኩል ነው። ስለዚህ በቤታቸው ወይም በጽሕፈት ቤታቸው ያለው ስልክ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የአጥቢያው ሁሉ እንደ ሆነ ቈጥረው፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ መሆኑን አንድ ሌሊት መብራቱን አጥፍተው ቢፈትኑት መልካም ነው። ለሽማግሌዎችም አዲሱን መሣሪያ በትዕግሥት ቢያሳዩአቸው፣ ደወሉ ሲሰማ የትኛውን እንደሚያነሡ፣ የቀይዋ መብራት ትርጉም ምን እንደ ሆነ ቢነግሯቸው፣ ብዙ ድንጋጤ ይቀራል።

አገልግሎት ሰጪዎቹም ቢሆኑ ደንበኛውን ሲያዛውሩ ስለ ዋጋውና ስለ ፍጥነቱ ብቻ ከመናገር፣ መብራት ሲጠፋ ስልኩ እንደሚቆም በግልጥ አማርኛ ሊያስታውቁት ይገባል። አንድ ሰው ጉድለቱን ዐውቆ ሲገዛ ይዘጋጅበታል፤ ሳያውቅ ሲገዛ ግን ጉድለቱን የሚያውቀው በክፉ ቀን ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደ ተባለ፣ ስልክ የሚፈተነው ፀሐይ ባለበት ቀን ሳይሆን፣ ክረምት በገባበት፣ ወንዙ በሞላበትና መብራት በጠፋበት ሌሊት ነው። በዚያች ሌሊት ከከላላ የተደወለው ጥሪ ከታሰበው ቦታ የደረሰ እንደ ሆነ፣ ማዛወሩ ተሳክቷል ይባላል።